ኢንሺራህ ቆርጣ የጣለችው

የአንድ ሰው ዕድሜ ከዳር እስከ ዳር ተሰብስቦ ቢታይ ምን ይወጣዋል? በወጣትነቴ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስማር ለዚህ ጥያቄ ረጃጅም መልሶች ነበሩኝ። ዛሬ ጥርሴም መልሴም ካለቁ በኋላ፣ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው አንዲት ሴት ናት፤ ኢንሺራህ። ኤዲተር ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ፊት ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራ፣ ለራሷ የፈለገችው ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ሊዘረጋው የሚችል አንድ ቁራጭ ፊልም ብቻ ነበር። ቁራጩ ላይ እናቷ አሉ። ወደ እሷ ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ በእጃቸው ይጠሯታል። ቆርጣ የጣለችውም ራሷ ናት።

ነገሩ ሲሆን እዚያው ስለነበርኩ ልናገር እችላለሁ። ቡላቅ በሚባለው የካይሮ ሰፈር ውስጥ፣ የኢንሺራህ እናት ሲት ዘኪያ ከሚያከራዩት ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ባለቤታቸው የትራም ነጂ ነበሩ፤ ሞተዋል። በቦዩ በኩል ጦርነቱ አልበረደም ነበርና የአየር ድብደባ ተፈርቶ የከተማው መስኮት ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። እኛ ቤት ውስጥ ፀሐይ ስትገባ ግድግዳው የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ጣሪያው ግን ክፍት ነው። የርግብ ቤት አለ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ የውኃ ታንከር አለ፣ ከጥግ ደግሞ እኔ አለሁ። ሲት ዘኪያ ሩዝ ሲለቅሙ፣ ልብስ ሲያሰጡ፣ ከጎረቤት ጋር ጣሪያ ለጣሪያ ሲጨቃጨቁ የሚውሉት እዚያው ነው። እኔን “ኡስታዝ” ይሉኛል። መጽሐፍ ይዤ ካዩኝ “ኡስታዝ፣ ዛሬስ ዓለም ለምን እንደተፈጠረች ደረስክበት ወይስ ልብሱን ታግዘኛለህ?” ይሉኛል። ልብሱን አግዛለሁ።

ኢንሺራህ ያኔ የሲኒማ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። ከቤተሰቡ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ ስታዳምጥ አፏን ጥብቅ አድርጋ የምትዘጋ ልጅ። ልብ ወለድ የመጻፍና የመምራት ሐሳብ ይዛ ነበር የገባችው፤ ግን በየቡድኑ ለሴት ልጅ የሚሰጠው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር፤ የምስሉን ተከታታይነት መጠበቅ። አንድ ሰው በቀኝ እጁ ሲኒ ይዞ ከተቀረጸ፣ ካሜራው ቦታ ቀይሮ እንደገና ሲቀርጸው ሲኒው ቀኝ እጁ ላይ መሆኑን የምታረጋግጠው እሷ ናት። “ሴት የጎደለ የሸሚዝ ቁልፍ ትለያለች” ይሉ ነበር ወንዶቹ፣ ያመሰገኑ መስሏቸው። እሷም ቅሬታዋን ውጣ ሥራውን እንደ ሃይማኖት ያዘችው።

በሁለተኛው ዓመት መምህራቸው ኢልሃሚ በቡድን የሚሠራ አጭር ፊልም አዘዟቸው። ድምፅ የለውም፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ቦታ። ሕጉ ሦስት ነው። በሁለቱ ሰዎች መካከል በሐሳብ መስመር ተሠምሯል፤ ካሜራው ከመስመሩ ወዲህ እንጂ ወዲያ አይሻገርም። በአንዱ ቀረጻ የተጀመረ እንቅስቃሴ በሚቀጥለው ይጨረሳል፤ ሰውየው እዚህ ብድግ ማለት ከጀመረ እዚያ ቆሞ ይገኛል። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ማንም ሰው ወደ ካሜራው አያይም። ኢልሃሚ ሲያስተምሩ “ጥሩ መቁረጥ ማንም ያላየው መቁረጥ ነው” ይሉ እንደነበር ኢንሺራህ ማታ ማታ እራት ላይ ትነግረን ነበር። ከዚያ ፊልም በኋላ ከክፍሉ አንድ ተማሪ መርጠው እሳቸው ራሳቸው ወደሚሠሩበት የኤዲቲንግ ክፍል ሊወስዱ ነው። ያ አንድ ሰው መሆን ነበር ሐሳቧ ሁሉ። አጎቷ በየሳምንቱ እየመጣ ስለ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ልጅ ያወራል፤ እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ስለ ፊልሙ ታወራለች።

ቡድኑ ሦስት ነበር። ሙራድ መሪው ነው፤ ከደህና ቤት የመጣ፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ የማይለየው፣ ሲናገር እጁን አየር ላይ እያደረገ አራት ማዕዘን የሚሠራ። ባህጋት ካሜራውን ይይዛል፤ ወፍራም፣ ላብ በላብ፣ ልቡ ደግሞ እንደ ሰውነቱ ሰፊ። ሦስተኛዋ ኢንሺራህ። ታሪኩን ሙራድ ጻፈው፤ እናት ጣሪያ ላይ ሩዝ ትለቅማለች፣ ልጇ ሻንጣ ይዞ ከደረጃው ብቅ ይላል፣ ሊሄድ ነው፤ ብድግ ስትል ሩዙ ይደፋል። ይኸው ነው። ሻንጣው የእኔ ነው። የልጁ ጀርባ የራሱ የሙራድ ነው። እናቲቱን የሚሠራ ሰው ግን ጠፋና፣ ባህጋት ጣሪያው ላይ ሲት ዘኪያን አይቶ “አክስቴ፣ አንቺ እኮ ሥራሽን ብቻ መሥራት ነው ያለብሽ” አላቸው። ሲት ዘኪያ ፎቶግራፍ አይወዱም ነበር። ለመታወቂያ ካልሆነ በስተቀር ተነሥተው አያውቁም፤ ፊታቸው ላይ ያለችው የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳትታይባቸው ብለው ነው። ይሁንና ልጃቸው በዓይኗ ስትለምናቸው እምቢ ማለት አልቻሉም።

የመጀመሪያው ቀረጻ ከአረፋ በፊት በነበረው ዓርብ ተደረገ። በዓሉ ሲደርስ በቡላቅ ጣሪያ ሁሉ ላይ በግ ይወጣል፤ የእኛም በግ ከርግብ ቤቱ አጠገብ ታስሮ አልፋልፋውን ያመነዥካል። ሙራድ ሲያየው ደስ አለው። “ፍሬሙን ይሞላልናል” አለ። ሲት ዘኪያን በጉ አጠገብ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሰፋፊውን ምስል ሁሉ በዚያ ቀን ጨረሱ። የሻሻቸው ቋጠሮ በቀኝ፣ የግራ እጅጌያቸው የተሰበሰበ፣ ትሪው ላይ ያለው ሩዝ ክምሩ ወደ እሳቸው ያዘነበለ፣ በጉ የተኛ፣ ገመዱ በግራ። ኢንሺራህ ያላየችው ነገር አልነበረም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከቅርብ የሚነሣው ምስል፣ ማለትም ፊትና እጅ፣ ለሚቀጥለው ዓርብ ተላለፈ።

በመካከሉ አረፋ ነበር።

ዛሬ ሰው ቢሰማው ይስቃል፤ ያኔ ግን ከሁላችንም አንድም ሰው ልብ አላለም። እኔ ፈላስፋው አላልኩም። በየማለዳው ለበጉ ውኃ የምታወጣው ራሷ ኢንሺራህ አላለችም። ለቤቱ ሰው በጉ በዓሉ ራሱ ነበር፤ እንደሚታረድ ማሰብ አያስፈልግም፣ ስሙ ውስጥ አለ። ለፊልሙ ደግሞ በጉ ልክ እንደ ታንከሩ የቦታው ዕቃ ነበር። ሁለቱን በጎች አንድ ያደረገ ሰው ጠፋ። የበዓሉ ዕለት ሙራድና ባህጋት ተጠርተው መጡ፤ ሲት ዘኪያ ፈታ የሚባለውን የበዓል ምግብ ሠርተው ነበር፣ ዳቦውና ሩዙ በመረቅ የራሰ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ የሸተተ። በልተን ጠገብን፤ ሙራድ ደጋግሞ አስጨመረ።

በሚቀጥለው ዓርብ ካሜራውን ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። ሙራድ ጣሪያው መሀል ቆሞ አራት ማዕዘኑን በእጁ ሠራ፣ ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው።

“በጉ የታለ?”

ሲት ዘኪያ ሩዛቸውን ይዘው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት። “ልጄ፣ ሲት ዘኪያ ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ ስትል የነበረው ምን መሰለህ?”

ባህጋት ካሜራውን መሬት አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ተከታታይነታችንን በላኸው” አለው ለሙራድ፤ “ያውም ከነመረቁ።”

ኢንሺራህ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ከከንፈሯ ጀምሮ ነጣ። ካሜራው ከዚያ ቀን በኋላ ለሌላ ቡድን ይተላለፋል፤ ሰፊውን ምስል እንደገና ማንሣት አይቻልም። ልጁ ከደረጃው ብቅ ሲል ከእናቱ ትከሻ በላይ በሚታይበት ምስል ውስጥ የበጉ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባህጋት በጣሪያ በጣሪያው ጮኸ፣ በየመንገዱ ሮጠ፤ ከአረፋ በኋላ ቡላቅ ውስጥ በግ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ለካይሮ ሰው አይነገርም። ቀንድና ቆዳ ብቻ ነው ያለው። ተመልሶ መጥቶ ግንቡ ሥር ቁጢጥ ሲል፣ ኢንሺራህ ግንቡ ላይ ጨው ተነስንሶበት የተሰጣውን የበጋችንን ቆዳ አየች። አወረደችው፤ የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ደፍታ አለበሰችው፤ ገመዱን በግራ በኩል አሰረችለት። ከካሜራው በኩል ሲታይ፣ በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ደብዘዝ ብሎ፣ የተኛ በግ ነው።

ሥራ ተጀመረ። ካሜራው ማንኮራፋት ሲጀምር ሲት ዘኪያ ሩዙን መልቀም ጀመሩ። ከዚያ ጎናቸው ያለውን ቆዳ በቆረጣ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። “ምስኪን” አሉት፤ “በልተንህ ስናበቃ ደግሞ ሥራ አስገባንህ?” ሳቃቸው ፈንድቶ ወጣ። ሙራድ ፀጉሩን ያዘ። ኢንሺራህ በዚያው ቅጽበት የሻሹ ቋጠሮ ወደ ግራ መዞሩን አየችና ልታስተካክል ወደ ፍሬሙ ገባች። ካሜራው አልቆመም፤ ባህጋት ረስቶት ይሁን ሆን ብሎ፣ አላውቅም። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ስትነካ ሲት ዘኪያ እጇን ያዙ። ያዝ አድርገው ጎትተው አጠገባቸው፣ መሬት ላይ፣ ቆዳው ሥር አስቀመጧት። እሷ ግን ወዲያው ተፈትልካ ተነሥታ ወደ ቦታዋ፣ ወደ ካሜራው ጎን ተመለሰች። እናቷ ገና እየሳቁ በዓይናቸው ተከተሏት፤ በእጃቸውም ጠሯት።

“ነይ እንጂ፣ የኔ ነፍስ” አሉ። “ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል። ትንሽ እኔ ዘንድ ቁጭ በይ፣ አንቺንም ይዩሽ።”

“እማ፣ ሥራ ላይ ነን” አለች።

ካሜራው ቆመ። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው ይህን ቃል የያዘ ምንም ነገር የለም፤ እኔ የክፍሌ በር ላይ ቆሜ ስለሰማሁ ነው የማውቀው። ከዚያ በኋላ ሲት ዘኪያ እንደታዘዙት ሠሩ። ሩዙም ተደፋ፣ ሻንጣውም መጣ።

ኢንሺራህ ፊልሙን ስትቀጥል ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን በየቀኑ እሰማ ነበር። የተፈለገው ምስል ከጥቅሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የተረፈው ቁራጭ ጠረጴዛው አጠገብ ካለ መስቀያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ጨርቅ በለበሰ ቅርጫት ውስጥ ይወርዳል። ሥራው ሲያልቅ ቅርጫቱ ወደ መጋዘን በሚገባ ቆርቆሮ ውስጥ ይራገፋል። እናቷን ከሰፊው ምስል ብድግ ማለት አስጀምራ ከቅርብ በተነሣው ምስል ላይ ማቆም ብዙ ቀን ወሰደባት። በመጨረሻ አገኘችው፤ ልክ ሩዙ መንሸራተት ሲጀምር። የሳቁ ቁራጭ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ባህጋት ከጥቅሉ ሁሉ ሕይወት ያለው ያ ብቻ ነው ብሎ ከሙራድ ጋር ተጣላ። ሙራድ ደግሞ ልቡ ሊለዝብ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንጨምረው አለ። እምቢ ያለችው ኢንሺራህ ናት። እናቴ ወደ ካሜራው አይታለች፣ ወደ ካሜራው ያየ ሰው ካለ ከካሜራው ኋላ ሰው መኖሩ ታወቀ፣ ያ ከታወቀ ደግሞ ፊልም የለም፤ እንዲህ ነበር ክርክሯ። ልክ ነበረች። በሕጉ መሠረት ፍጹም ልክ ነበረች። ቁራጩን ጠቅልላ ከሌሎቹ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በገዛ እጇ “የተጣለ” ብላ ጻፈች።

ፊልሙ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የታየ ቀን ሲት ዘኪያን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥቁር የክብር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ አጭር ነው፤ ተጀመረ ሲባል አለቀ። እጃቸው አለ፤ ሩዝ ሲለይ የሚያምር እጅ። ጀርባቸው አለ። ፊታቸው በጎን በኩል አለ፣ ያዘነ፣ ጥላ ያጠላበት፣ ለሻንጣው የተዘጋጀ። በጉን ያወቀበት አልነበረም። ኢልሃሚ ተነሥተው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው “ይህን የቀጠለው ማን ነው?” አሉ፤ ሙራድ ወደ ኢንሺራህ ጠቆመ። በዚያው ቀን መረጧት። ደስታዋ ከፊቷ አልፎ ትከሻዋ ላይ ይታይ ነበር።

ስንመለስ ትራሙ ውስጥ ሲት ዘኪያ ጠየቁ።

“እኔ የጠራሁሽስ የታለ?”

“ተቆረጠ፣ እማ።”

“ምነው፣ ምን አጠፋሁ?”

“ወደ ካሜራው አየሽ።”

“እኔ?” አሉ ሲት ዘኪያ። “እኔ እኮ ወደ አንቺ ነው ያየሁት።”

ኢንሺራህ እናቷን በክንዷ አቀፈችና ሕጉን ታስረዳቸው ጀመር፤ መስመሩን፣ ዓይኑን፣ ተመልካቹን። ሲት ዘኪያ አዎ፣ አዎ አሉ። መስኮቱ ሰማያዊ ነበርና ውጭው አይታይም፤ እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞረው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ ረጅም ነው፤ ለመናገር ግን አጭር። የብረታ ብረት ነጋዴው ልጅ ሌላ አገባ። ኢንሺራህ ከኢልሃሚ ጋር ሠራች፣ ከዚያ ለብቻዋ ሠራች፤ በረመዳን ቤተሰብ ሁሉ ከእራት በኋላ ለሚሰበሰብባቸው ድራማዎች ስሟ መጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ሆነች። የፊልም ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ የሆነ፣ ረአፈት የሚባል ዝምተኛ ሰው አገባች፤ ኑሃ የምትባል ልጅ ወለዱ። ሥራዋ ግን ከኤዲቲንግ ክፍሉ አብሯት ይወጣ ነበር። ሰው ሲያወራት ዓይኑን አታይም፤ የሸሚዙን ቁልፍ፣ ሰዓቱን፣ ብርጭቆውን የያዘበትን እጅ ታያለች። ልቅሶ ቤት ገብታ ከትናንት ወዲያ ያዘነችው ሴት ዛሬ ሌላ ሻሽ እንዳሰረች ታውቃለች። ኑሃ ትንሽ ሳለች እኔ ዘንድ መጥታ “እማዬ ስታቅፈኝ ኮሌታዬን ታስተካክላለች” አለችኝ፤ ቅሬታ አልነበረም፤ ልጆች የአየሩን ጠባይ እንደሚናገሩት ነው የተናገረችው።

ሲት ዘኪያ በኩላሊት ሕመም ሞቱ፤ ኑሃ ገና አልተወለደችም። ኢንሺራህ በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ ነበረች፤ አንድ ድራማ ለመጨረስ ቀን አጥሯት በየመሀሉ ሆስፒታል እየመጣች ትመለስ ነበር። አልፈርድባትም፤ ዳቦዋ ነው። ከቀብሩ በኋላ ግድግዳው ላይ የምትሰቅለው ፎቶግራፍ ስትፈልግ እንደሌለ አወቀች። የመታወቂያው ምስል ነበር፤ መታወቂያው ለሞት ምዝገባ ተሰጥቶ አልተመለሰም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ማህተሙ አፋቸው ላይ ነበር። ፊልሙ አለ እንዳትሉኝ። ፊልሙን አየችው፤ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሙራድ የጻፋት ሴት ናት፤ የፈንጣጣው ጠባሳ እንኳ ጥላው ውስጥ ገብቷል። እናቷ ያሉት የተጣለው ውስጥ ነው።

ስለ መርሳት ብዙ አንብቤያለሁ። ሰዎች መርሳትን ነገር እንደማጣት አድርገው ይጽፋሉ። እኔ ግን ኢንሺራህን አይቼ ሌላ ነገር ተማርኩ። ዕድሜያችንን የምናስታውሰው እንዲያያዝልን ነው፤ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ሰው ሳይደናቀፍ እንዲሻገር። የማይያያዘውን እንቆርጣለን፤ ያለ ሰዓቱ የመጣ ሳቅ፣ ሥራ ላይ ሳለን የጠራን ሰው። የተቀጠለው ፊልም ያምራል፣ ይፈስሳል፣ ሰውም ያጨበጭብለታል። ስናረጅ ግን የሚናፍቀን ቅርጫቱ ነው።

ኢንሺራህ ቁራጩን ፍለጋ ወደ ሲኒማ ትምህርት ቤቷ የተመለሰችው ኑሃ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ነው። የመጋዘኑ ጠባቂ፣ ዓም በሲዩኒ የሚባል ሽማግሌ፣ ከመደርደሪያው ታች አቧራ የጠጣ ቆርቆሮ አወጣላት፤ ነጩ ፕላስተር፣ የገዛ እጅ ጽሑፏ። እጇ ላይ ይዛው ነበር። ዓም በሲዩኒ ግን ያለ አለቃ ፈቃድ ከበሩ ሊያሳልፈው ፈራ፤ የጡረታ ጊዜው ደርሶ ነበር። አለቃው ደግሞ ጨዋ ሰው ነበርና አስቀምጦ ሻይ አዘዘላት። ፊልም ቢሆን ኖሮ በውሰት እንደሚሰጥ፣ ፊልሞች ሁሉ ቁጥር እንዳላቸው፣ የተጣለ ነገር ግን ቁጥር እንደሌለው፣ ቁጥር የሌለውን ነገር እንዲወጣ መፍቀድ እንደማይችል በዝግታ አስረዳት። ታዲያ ቁጥር ከሌለው ማን ይጠይቅሃል ብትለው፣ ያው እሱ ነው ችግሩ አላት። የፊልሙ መሪ ጠይቆ ከፈረመ ምናልባት።

ሙራድ ያኔ ትልቅ ሰው ሆኗል። ባህጋት ከአገር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። ሙራድን ከቢሮው አጥታው ኖራ በመጨረሻ በስልክ አገኘችው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ድምፁ ከመነጋገሪያው አልፎ ይሰማ ነበር። የበጉን ነገር አንሥቶ ሳቀ፤ እስከ ዛሬ በየግብዣው እንደሚያወራው ነገራት። ከዚያ “ኢንሺራህ፣ እኔ እኮ እንጨምረው ብዬ ነበር፤ ቆርጠሽ የጣልሽው አንቺ ነሽ” አላት። በክፋት አይደለም፤ እውነቱን ነው። “በዓይኔ፣ ነገውኑ እፈርማለሁ” ብሎም ቃል ገባ። ሥራ ይዞት ወደ ሞሮኮ ሄደ። ስትደውል የለም፣ ስትደውል ስብሰባ ላይ ነው። መደወሏን ተወች፤ መጠበቋን ግን አልተወችም።

ጡረታ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ አከበራት። አዳራሹ ያው አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ ተቀይረዋል። እኔን ጋበዘችኝ፤ በከዘራዬ ተደግፌ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሙራድም መጥቷል፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ስካርፉ ያው። ንግግር ተደረገ። መምህራን ለወጣቶቹ የእጇን ሥራ አሳዩ፤ የእናትየዋ ብድግ ማለት፣ የሩዙ መንሸራተት፣ እስከ ዛሬ የሚያስተምሩበት መቁረጥ። በመጋረጃው ላይ የሲት ዘኪያ እጅ ክፍል አክሎ ታየ። ቀጥሎ የመስታወት ሽልማት ሰጧትና አንድ ቃል እንድትናገር ለመኗት።

ኢንሺራህ መናገር አትችልም ነበር፤ ሁልጊዜ ሌላው የተናገረውን የምታስተካክል ሰው ነበረች። ሽልማቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ሰዎቹን ዓይን ዓይናቸውን አየች። የተናገረችው አጭር ነው። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ አንዲት ወጣት መምህርት እንባዋን ጠረገች፤ ሙራድ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ “እንዴት ያለ ውብ አነጋገር ነው” አለኝ። ሁሉም ስለ ሕይወት የተናገረች መስሏቸዋል። ስለ ሕይወት አልነበረም፤ ከምድር ቤቱ መጋዘን፣ ከታችኛው መደርደሪያ ስለሚነሣ አንድ ቆርቆሮ ነበር። በማግስቱ ማንም ሰው ወደ መጋዘኑ አልወረደም፤ በሳምንቱም፣ ባለፈው ክረምት እስከሞተችበትም ቀን ድረስ። ያለችው ይህ ነው፦

“ሽልማቱን እዚሁ አስቀሩት። ታች መጋዘን ውስጥ በእኔ እጅ ‘የተጣለ’ ተብሎ የተጻፈበት ቆርቆሮ አለ። እሱን ስጡኝ። ከዚህ በኋላ አልቆርጠውም፤ እናቴ ስትጠራኝ አያለሁ፣ ያ ብቻ ነው።”